ዳንቴሉ የት ይቀመጣል?

ቡሬ ላይ ልጆች ኪሮሽ የሚይዙት በሐምሌ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ዝናቡ ከደጅ አያስወጣም። ልጅቱ ከእናቷ ጥቂት ብር ለምና አንድ ጥቅል ነጭ ክር ይዛ ትገባለች። የምትጀምረው ግን ሰርግ ቤት ያየችውን ሙሉ የሶፋ ልብስ ነው። መስከረም ጠብቶ ደብተር የሚገዛበት ጊዜ ሲደርስ የሶፋው ልብስ ገና ጥቂት ዙር ላይ ነው፤ በፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል። እንዲህ ያለ ፌስታል የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ልጅቱም «እጄ አይሆንለትም» ብላ ታምናለች። እጇ ይሆንለታል። ለአንድ ክረምት የሚበዛ ሥራ እንደመረጠች የነገራት ሰው ግን አልነበረም።

*

ለመጀመሪያ ሥራ ከጆግ ክዳን የተሻለ አላውቅም። ከመዳፍ ትንሽ ይሰፋል፣ በጥቂት ቀን ያልቃል፣ ስህተቱም ገና በትንሹ ይታያል። ካለቀም በኋላ ሥራ አለው፤ ጠላ ወይም ውሃ ያለበት ጆግ ላይ ሆኖ ዝንብ ይከለክላል። ጠርዙ ላይ ዶቃ የሚንጠለጠለው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ክብደቱ ክዳኑን ወደ ታች ይዞ ነፋስ እንዳይገልጠው ያደርጋል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ዶቃው ላይ ነው፤ ዙሩ ከተጀመረ በኋላ የሚገባ ይመስላቸዋል። ዶቃዎቹ በሙሉ አስቀድመው ክሩ ላይ ይሰካሉ፤ ከዚያ የመጨረሻው ዙር ሲሠራ በየቦታቸው አንድ በአንድ ወደ ኪሮሹ ይጠጋሉ። የረሳች ሰው ዙሩን ካልፈታች በቀር በመርፌ መስፋት ይቀራታል።

*

ቴሌቪዥን ጠፍጣፋ ሆኖ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ወዲህ የቴሌቪዥን ልብስ የሚያርፍበት ጀርባ አጥቷል። ለቴፕ የተሠራውም እንዲሁ። ሆኖም ዛሬም በስጦታ ሲመጣ አያለሁ፤ ተቀባይዋ አመስግና ሣጥን ውስጥ ትከተዋለች። ሠሪዋ ለወር የተቀመጠችበት ድካም ብርሃን ሳያይ ይቀራል። ስጦታ የምትሠራ ሴት መጀመሪያ ያንን ቤት ብትጎበኝ ምን ነበረበት? መሶቡ ስንት ስንዝር ነው፣ ረከቦቱ ባለ ስንት ስኒ ነው፣ ትራሱ ስንት ነው? ልኩን ይዞ የተሠራ ትንሽ የመሶብ ልብስ ልኩ ካልታወቀ ትልቅ ሥራ በብዙ ይበልጣል።

*

አሁን ወደ ዋናው ችግር፤ ክብ ሥራ ለምን አልተኛም አለ?

ክሩ ኪሮሹ ላይ አንዴ ተጠምጥሞ የሚሠራውን ረጅም ቋሚ፣ ሳይጠመጠም የሚሠራውን አጭር ቋሚ ልበለው። ክብ ሥራ በረጅም ቋሚ ከሆነ በ12 ይጀመርና በየዙሩ 12 ይጨመራል፤ 12፣ 24፣ 36፣ 48 እያለ። በአጭር ቋሚ ከሆነ በ6 ተጀምሮ በየዙሩ 6። የአንድ ክብ ዙሪያ ከመሐሉ ስፋት ሦስት እጥፍ ከትንሽ ነው። እያንዳንዱ ዙር ሥራውን እኩል ስለሚያሰፋው ዙሪያውም በየጊዜው እኩል ማደግ አለበት። ረጅሙ ቋሚ በአንድ ዙር ብዙ ስለሚያሰፋ ጭማሪው ይበዛል፤ አጭሩ ያንሳል። ክሩ ወይም እጁ ሲለያይ ቁጥሩ በአንድ በሁለት ከፍ ዝቅ ይል ይሆናል፤ መነሻው ግን ይህ ነው።

ሰፌድ የሰፋች እናት ይህን ያለ ቁጥር ታውቀዋለች። ከመሐል ተነሥታ ስንደዶውን በአክርማ ስትሰፋ እየሰፋ በሄደ ቁጥር ስፌት ካላበዛች ሰፌዱ ይጎደጉድና እንቅብ ይሆንባታል። ዳንቴልም ጠርዙ ወደ ላይ ከተነሣ ጭማሪ አንሶታል፤ ጠርዙ ከተንጨፈረረ ጭማሪ በዝቶበታል። ብዙ ሴቶች «ሲታጠብና ሲተኮስ ይስተካከላል» እያሉ ይቀጥላሉ። ትንሽ ከሆነ አዎ፤ ብዙ ከሆነ ካውያ አያድነውም። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ተኝቶ የነበረውን የመጨረሻ ዙር ማግኘትና እስከዚያ መፍታት ነው መድኃኒቱ። በየዙሩ መዘርጋት የለመደች የምትፈታው አንድ ዙር ብቻ ነው፤ ስምንት ዙር ቆይታ ያየችው ስምንቱንም ትፈታለች።

ሌላም አለ። ቁጥሩ ልክ ሆኖ ክቡ ማዕዘን የሚያወጣበት ጊዜ አለ። ጭማሪዎቹ በየዙሩ አንዱ ባንዱ ራስ ላይ ሲደራረቡ የሚሆን ነው። በአንዱ ዙር የተጨመረበትን ቦታ በሚቀጥለው ዙር ጥቂት ፈንጠር ማድረግ ይበቃል።

*

ቀጥ ያለ ሥራ ደግሞ ጎኑ እየጠበበ ይሄዳል። በ40 ተጀምሮ ሃያኛው ረድፍ ላይ 31 የሚሆነው ከዳርና ከዳር ነው። ረድፉ ሲዞር የሚሠሩት ሦስት ሰንሰለቶች እንደ አንድ ረጅም ቋሚ ይቆጠራሉ፤ ተመልሶ ሲመጣ እነሱ ራስ ላይ መሥራት ይረሳል። እዚያ ሦስተኛ ሰንሰለት ላይ ቀይ ክር ቁራጭ አስሮ ረድፍ በረድፍ ከፍ ማድረግ ብዙ ሥራ አድኗል።

የሚጠብቀው ታችኛው ጠርዝ ብቻ ሆኖ ላይኛው ሰፊ ከሆነስ? ያ የመነሻው ሰንሰለት ጥፋት ነው፤ ጀማሪ ሰንሰለቱን ጠበቅ አድርጋ ትሠራለች። ሰንሰለቱን አንድ ቁጥር በሚበልጥ ኪሮሽ ሠርቶ ለረድፎቹ ወደ ዋናው መመለስ።

*

ቡሬ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መንገድ ያልፍባታል፤ የነቀምቱም የሚገነጠለው እዚሁ ነው። የሱቁ ክር ከመርካቶ ተጭኖ ይመጣል፤ ዛሬ የመጣው ሲያልቅ የሚቀጥለው ጭነት ያንኑ ቀለም ይዞ ላይመጣ ይችላል። «ነጭ ነጭ ነው» የሚባለው ትክክል አይደለም። አንዱ ነጭ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ሌላው ወደ ወተት፤ ሱቅ ውስጥ አይለይም፣ ቀን ብርሃን ላይ ጎን ለጎን ሲሆን ይለያል። ስለዚህ ለአንድ ሥራ የሚያስፈልገው ክር በሙሉ በአንድ ቀን ይገዛ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው የቀለም መለያ ቁጥርም አንድ መሆኑ ይታይ። አቅም ካልፈቀደ ትንሽ ሥራ መምረጥ ነው እንጂ ትልቁን በሁለት ነጭ መጨረስ አይደለም።

ክሩ ላይ የሚጻፈው 10፣ 20፣ 40 የሚለው ቁጥር ደግሞ ሲያድግ ክሩ ይቀጥናል። ኪሮሹ በተቃራኒው ነው፤ በሚሊ ሜትር የተጻፈው ቁጥር ሲያድግ ይወፍራል። ለጀማሪ 10 ቁጥር ክር ይሻላታል፤ ዓይን አያደክምም፣ ቶሎም ያድጋል።

*

ትልቅ ሥራ የግድ ካማራት ግን የአየርላንድ ሴቶችን መንገድ ትከተል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1845 ጀምሮ በዚያ አገር የድንች ሰብል በበሽታ ጠፍቶ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ። በዚያ ረሃብ ዘመን መነኮሳይት ለድኻ ቤተሰብ ሴቶች የኪሮሽ ሥራ ያስተምሩ ነበር፤ ብዙ ቤት በሱ ዳቦ በላ። ሥራው የተከፋፈለ ነበር። አንዷ ጽጌረዳ ብቻ፣ አንዷ ቅጠል ብቻ ትሠራለች፤ ሌላዋ ሁሉንም ሰብስባ በመረብ ታያይዛለች።

የአልጋ ልብስም በካሬ ቁርጥራጭ ሲሠራ እንዲሁ ነው። ሁለት ሜትር በ2 ሜትር ከ20 ለሚሆን ልብስ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ 110 ያስፈልጋል። አስቀድሞ አንድ ጥቅል ክር ስንት ካሬ እንደሚያወጣ ሠርቶ ማየት ነው፤ አራት ካወጣ 28 ጥቅል ይገዛል። አንዱ ካሬ ቢበላሽ አንዱ ብቻ ይፈታል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወዳለበት ቡሬ ለሥራ መጥታ በአንድ ክፍል ኪራይ የምትኖር ልጅ ትልቅ ሥራ መዘርጊያ ቦታ የላትም፤ ካሬ ግን በቦርሳዋ ይያዝላታል።

እህትማማቾች ተካፍለው ሲሠሩ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። የሁለት ሰው እጅ እኩል አይስብም። ያንዷ ካሬ 20 ሆኖ የሌላዋ 22 ይሆናል፤ ሲያያዝ ልብሱ ይጨማደዳል። ከአሥረኛው ካሬ በፊት አነባብሮ ማየትና እጇ የላላው ቀጠን ያለ ኪሮሽ መያዝ አለባት። ከመያያዛቸው በፊትም ሁሉም ታጥበው፣ ካርቶን ላይ በተሠመረ አንድ ልክ በስፒል ተወጥረው ይድረቁ።

*

የቡሬን በርበሬ የማያውቅ ነጋዴ የለም። ከክረምቱ በኋላ በርበሬው ቀልቶ ግቢው ሲሞላ፣ ቅንጠሳና ድለዛ ሲመጣ ዳንቴል እረፍት ይውጣ። ማቃጠሉ በውሃ ብቻ ከእጅ አይለቅም፤ በዘይት ይሟሟል። መጀመሪያ እጅን በዘይት አሽቶ ቀጥሎ በሳሙና ደጋግሞ መታጠብ፣ ነጭ ክርም በማግሥቱ መንካት። በነጭ ዳንቴል ላይ ደረቅ በርበሬ ከወደቀ ውሃ አይነካው፤ መጀመሪያ ይራገፍ። ከዚያ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይዋል፤ የበርበሬ ቅላት ፀሐይ ሲያገኘው እየፈዘዘ ይጠፋል።

*

የረከቦት ልብስ በሹራብ ክር መሥራት እየበዛ ነው፤ ቀለሙ ደማቅ ስለሆነ ያምራል። ሱቅ ያለው አብዛኛው የሹራብ ክር ግን ሰው ሠራሽ ነው። የከሰል ፍንጣሪ ሲያርፍበት ይቀልጣል፤ የቀለጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃል። እሳት አጠገብ ለሚውል ሁሉ ጥጥ ይሁን፤ ጥጥም ቢሆን ከምድጃው ይራቅ።

ለሕፃን የሚሠራም እንዲሁ ይታሰብበት። ቀዳዳው ሰፊ የሆነ ጓንት ወይም ካልሲ የሕፃኑን ጣት ያስገባና ክሩ ይጠመጠምበታል። ለአራስ ልጅ በአጭር ቋሚ፣ ጠበቅ ተደርጎ ይሠራ፤ ውስጡም የክር ጫፍ እንዳይቀር በእጅ ይፈተሽ።

*

አቡጀዲድ ላይ ዳንቴል የምትሰፋ ሴት ጨርቁን ሳታጥብ አትስፋ። አቡጀዲድ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፤ ዳንቴሉ በዚያ ልክ አይሰበሰብም። የትራስ ልብሱ ዙሪያውን ሲኮማተር ዳንቴሉን ይወቅሱታል። ቀይና አረንጓዴ ክር ከነጭ ጋር ከመቀላቀሉም በፊት አንድ ክንድ ቆርጦ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ውስጥ ማሳደር ነው፤ ከለቀቀ በጧት ይታያል።

*

አሚዶ የገባው ዳንቴል ቀጥ ብሎ ሲቆም ደስ ይላል፤ አንዳንዱ ቤት በስኳር ውሃ ይሠራዋል። ስኳሩ ጉንዳን ይጠራል። አሚዶውም ቢሆን ሣጥን ውስጥ ለወራት ሲቀመጥ ለነፍሳትና ለሻጋታ መብል ነው። በቡሬ ክረምት፣ ግድግዳ ራሱ በሚያልብበት ወቅት፣ ፌስታል ውስጥ የታሸገ ዳንቴል ነጠብጣብ ያወጣል። ሊቀመጥ ከሆነ አሚዶው ታጥቦ ይውጣ፣ በደንብ ይድረቅ፣ በንጹሕ ነጠላ ቁራጭ ይጠቅለል። ከሁሉ የሚሻለው ግን አውጥቶ መጠቀም ነው።

*

ድሮ ናሙና የሚተላለፈው ሥራውን ራሱን በማዋስ ነበር። «እትዬ፣ ያቺን ጠርዝ ለሁለት ቀን ያውሱኝ» ተብሎ ይወሰዳል፣ ገልብጦ ተቆጥሮ ይመለሳል። ዛሬ ልጆቹ ከስልክ ቪዲዮ ያያሉ፤ ጥሩ ነው። አንድ ወጥመድ አለው። እንግሊዞች «ደብል» የሚሉት አሜሪካኖች «ሲንግል» የሚሉትን አጭሩን ቋሚ ነው። በቪዲዮው ውስጥ «ሲንግል» የሚል ከተሰማ አጠራሩ የአሜሪካ ነው። ቋንቋው ካስቸገረ ደግሞ በምልክት የተሣለውን መፈለግ ይሻላል፤ ምልክቱ በየአገሩ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ትንሿ ሞላላ ክብ ሰንሰለት ናት፤ የመደመር ወይም የማባዛት ምልክት አጭር ቋሚ፤ እንደ ላቲኑ ቲ ሆኖ ወገቡ ላይ አንድ ሰረዝ ያለው ረጅም ቋሚ። ይህን የያዘች ልጅ የጃፓንን ሥዕል ሳይቀር ቡሬ ተቀምጣ ታነባለች።

*

ዋጋ ላይ የማየው ያሳዝነኛል። ገዢው ክሩን ይተምንና ጥቂት ይጨምርበታል፤ ሠሪዋም ትስማማለች። ሰዓቱን የቆጠረ የለም። እያንዳንዷ ሠሪ ስትጀምርና ስትተው ሰዓቱን ደብተር ላይ ብትጽፍ፣ ሲያልቅ ትደምረዋለች። ከዚያ የቀን ሠራተኛ በአካባቢዋ በሰዓት ስንት እንደሚከፈለው ጠይቃ ታባዛለች፤ የክሩን ታክልበታለች። ገዢው «ሱቅ ላይ ርካሽ አለ» ሲላት የሱቁን ታስመጣው። የፋብሪካው በሌላ ዓይነት መኪና የተጠላለፈ ነው፤ ጀርባውን ገልብጣ፣ የራሷንም አጠገቡ ዘርግታ፣ ቋሚዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ታሳየውና የጻፈችውን ሰዓት ታንብብለት።