ቶም ዊልሰን ስንት ያወጣል?

በዓመት 6.5 ሚሊዮን ዶላር፣ ለ7 ዓመት፣ በድምሩ 45.5 ሚሊዮን። የዋሽንግተን ካፒታልስ የበረዶ ሆኪ ቡድን በኦገስት 2023 ለቶም ዊልሰን የፈረመለት ውል ይህ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ)። ውሉ ሲያልቅ ሰውዬው 37 ዓመት ይሆነዋል። ሥራው ደግሞ በበረዶ ላይ እየተንሸራተተ ከግዙፍ ሰዎች ጋር መላተም ነው። ይህ ገንዘብ ምን ገዛ?

ዲሲና አካባቢዋ ለምንኖር ሐበሾች ሆኪ ባብዛኛው የመንገድ ጉዳይ ነው። ካፒታልስ በሜዳው ሲጫወት የሰባተኛው ጎዳና አካባቢ ይጨናነቃል። ታክሲና ኡበር የሚነዳው ወገናችን የጨዋታውን ቀን ከደጋፊው እኩል ያውቀዋል። ቀይ ማሊያ የለበሱ ተሳፋሪዎች ከኋላ ሆነው ሲከራከሩ ጆሮውን ጣል ያደረገ ሰው የ43 ቁጥሩን ዊልሰንን ስም ሳይሰማ አይቀርም። አንዱ የቡድኑ ልብ ነው ይላል፣ ሌላው ሊጉ ቀድሞ ማባረር የነበረበት ዱርዬ ነው ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ጠባዩ ነው። እኔ ግን ስለ ዋጋው ማውራት እፈልጋለሁ፤ ዋጋው ሲፈተሽ የጠባዩም ነገር ይጠራል ብዬ አስባለሁ።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ። በየወገኑ አምስት ተጫዋችና አንድ በረኛ በረዶው ላይ ይሰለፋሉ። የሚሻሙት ፓክ የምትባል ክብ ጠፍጣፋ ጎማ ነው። ተጫዋቹ አንድ ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ ይሮጥና ወጥቶ ሌላው ይተካል። ለአንድ ጨዋታ የሚለብሱት አጥቂዎች 12 ናቸው፣ ሦስት ሦስት ሆነው አራት መስመር ይሠራሉ። ፓኳን የያዘን ሰው በትከሻና በደረት መግጨት ሕጉ ይፈቅዳል። ፓወር ፎርዋርድ የሚባለው እንግዲህ በጉልበቱ የሚፈራ ሆኖ ጎልም የሚያገባው አጥቂ ነው። የዚህ ዓይነት ተጫዋች ሲነሳ መለኪያው የቦስተኑ ካም ኒሊ ነው። በ1993-94 የውድድር ዘመን በ49 ጨዋታ 50 ጎል አግብቷል። በ1996 ግን ገና 31 ዓመቱ ሳለ ጉዳት ከጨዋታ አሰናበተው። የዚህ ሙያ ትርፉም ኪሳራውም በኒሊ ታሪክ ውስጥ ተጽፏል።

ዋጋ ለመተመን የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቁጥር የግጭት ብዛት ነው። ሊጉ በየጨዋታው ማን ስንት ሰው እንደገጨ ይመዘግባል፣ ደጋፊውም ይወደዋል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ የምትገጨው ፓኳ ተጋጣሚህ ዘንድ ስትሆን ነው። ብዙ የሚገጭ ቡድን ብዙ ጊዜ ፓኳን ያጣና ሲያሳድድ የሚውል ቡድን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የግጭት ቁጥር ብቻውን ስለ ጥቅም የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው።

በአንጻሩ ፓወር ፎርዋርድ የሚሠራው ትልቁ ሥራ ቁጥር የለውም። 193 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 100 ኪሎ ገደማ ክብደት ያለው ሰው ተጋጣሚ በረኛ ፊት ቆሞ ዓይኑን ሲጋርድ፣ ከሩቅ የተመታችው ፓክ መረብ ውስጥ ትገባለች። ጎሉ ለመቺው ይመዘገባል፣ ለአቀባዩ አሲስት ይጻፍለታል፣ ጋራጁ ግን ፓኳን እስካልነካት ድረስ ምንም የለውም። ፓኳ ወደ ማዕዘን ስትላክም እንዲሁ ነው። የተጋጣሚ ተከላካይ ሊያነሳት ሲሄድ የዊልሰንን መምጣት ከኋላው ይሰማል፣ ጡሩምባ እንደሚነፋበት ጀማሪ ሾፌርም ይደናገጣል። ሳያይ ይሰጣል፣ ፓኳ ትበላሻለች። ዊልሰን አልገጨውም፣ ስለዚህ መዝገቡ ላይ ምንም የለም። ፍርሃት የሠራውን ሥራ የሚቆጥር ሰው የለም።

ታዲያ ይህ የማይቆጠር ነገር እንዴት ይለካል? እኔ የማየው ዊልሰን ከማን ጋር እንደሚሰለፍና በዚያ ቦታ ስንት ዓመት እንደቆየ ነው። በ2012 ድራፍት (ቡድኖች ወጣት ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) 16ኛ ሆኖ ሲመረጥ ገና 18 ዓመቱ ነበር። በመጀመሪያዎቹ አራት የውድድር ዘመናት ያገባው በቅደም ተከተል 3፣ 4፣ 7 እና 7 ጎል ነው፤ በድምሩ 21። ያን ጊዜ ሥራው በታችኛው መስመር ተሰልፎ መግጨትና መደባደብ ነበር። በ2017-18 ግን አሠልጣኙ ከአሌክሳንደር ኦቬችኪንና ከየቭጌኒ ኩዝኔትሶቭ ጋር በአንደኛው መስመር አሰለፈው። በዚያው ዓመት ካፒታልስ በፍጻሜው ቬጋስን በጨዋታ ብዛት 4 ለ 1 አሸንፎ በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊጉን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ አነሳ። ዊልሰን በመደበኛው ውድድር ያገባው 14 ጎል ብቻ ነበር።

በዚያ ክረምት ቡድኑ የ6 ዓመት የ31 ሚሊዮን ዶላር ውል ሲሰጠው ብዙ ሰው ሳቀ። ለ14 ጎል ይህ ሁሉ? ብለው። ሳቁ ጎል ቆጥሮ ዋጋ ለሚያወጣ ሰው ትክክል ነው። ቡድኑ ግን የከፈለው ኦቬችኪን አጠገብ መጫወት ለሚችል ጉልበተኛ ነበር፣ እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ በገበያ ላይ አይገኝም። ጉልበተኛ ሞልቷል፤ ከዓለም ምርጥ አጥቂ ጋር ፓክ ተቀባብሎ የማያባክን ጉልበተኛ ግን ብርቅ ነው። በቀጣዩ ዓመት ዊልሰን በ63 ጨዋታ 22 ጎል አገባ። ኤፕሪል 6 ቀን 2025 ኦቬችኪን የዌይን ግሬትስኪን የ894 ጎል ክብረ ወሰን ያለፈባትን 895ኛዋን ጎል ሲያገባ ፓኳን ያቀበለው ዊልሰን ነበር። ያቺ ፓክ በጉልበት ሳይሆን በእጅ ልስላሴ የተላከች ናት።

የደመወዝ ጣሪያውም እዚህ ላይ ይገባል። በሊጉ፣ በኤንኤችኤል፣ አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ የሚከፍለው ገንዘብ ወሰን አለው፤ ውሉ ሲፈረም 83.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ በ2025-26 ግን 95.5 ሚሊዮን ደርሷል። የዊልሰን 6.5 ሚሊዮን ባለበት ቆሞ ጣሪያው ከፍ ስላለ ድርሻው ከ8 በመቶ ገደማ ወደ 7 በመቶ ገደማ ወርዷል። ሌላም ቁጠባ አለ። በድሮው ሆኪ ቡድኖች ኮከባቸውን የሚጠብቅላቸው ተደባዳቢ ይይዙ ነበር፤ ጥቂት ደቂቃ ይሰለፍና ቀሪውን ጊዜ ወንበር ያሞቃል። ከ12 አጥቂዎች አንዱን ለዚህ ማዋል ዛሬ ቅንጦት ነው። ጥበቃውንም ጎሉንም አንድ ሰው ከሠራው አሠልጣኙ አንድ ቦታ አተረፈ ማለት ነው። ለኔ የፓወር ፎርዋርድ ዋጋ ዋናው ምስጢር እዚህ ነው፤ ቡድኑን ከምርጫ ያድነዋል።

አሁን ወደ ዕዳው። በ2018 የዋንጫ ጉዞ መሃል ዊልሰን የፒትስበርጉን ዛክ አስቶን-ሪስን ገጭቶ መንጋጋውን ሰበረው፣ 3 ጨዋታ ታገደ። ወራት ሳይቆጠሩ በዝግጅት ጨዋታ ላይ የሴንት ሉዊሱን ኦስካር ሰንድክቪስትን ገጨ፣ ሊጉም 20 ጨዋታ አገደው። በ105 ጨዋታ ውስጥ አራተኛው እገዳ ነበር። ገለልተኛ ዳኛ ቅጣቱን ወደ 14 ሲያወርደው ሰውዬው 16 ጨዋታ አምልጦት ነበር። በማርች 2021 የቦስተኑን ብራንደን ካርሎን ገጭቶ 7 ጨዋታ ተጨመረበት። በዚያው ዓመት ሜይ 3 በኒው ዮርክ ከሬንጀርስ ጋር በተነሳ ግርግር አርቴሚ ፓናሪንን በረዶው ላይ ሲጥለው ፓናሪን የቀሩትን ጨዋታዎች ሳይጫወት የውድድር ዘመኑ አበቃ። የዊልሰን ቅጣት 5,000 ዶላር ብቻ ሆነ። ውሳኔውን በይፋ የነቀፈው ሬንጀርስ ግን 250,000 ዶላር ተቀጣ። ሁለቱ ቡድኖች ከሁለት ቀን በኋላ ሲገናኙ ጨዋታው በተጀመረበት ቅጽበት ድብድብ ፈነዳ።

የታገደ ተጫዋች ጎል አያገባም፣ በረኛም አይጋርድም። ይህ ለቡድኑ የሚታይ ኪሳራ ነው። የማይታየው ኪሳራ የሌላው ሰው መንጋጋና ጭንቅላት ነው። ያንን የትኛውም ቡድን በራሱ ሒሳብ ውስጥ አያስገባውም፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ሌላ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ አስፈሪነቱን እየቆጠርን ለዊልሰን ዋጋ ስንጨምርለት፣ ፍርሃቱ የተገዛው በእነዚህ ሰዎች አካል መሆኑን ሳንጠቅስ ማለፍ ሐቀኝነት አይደለም። አስፈሪ ለመሆን ግን ሕግ መጣስ አያስፈልግም። ከ2021ዱ እገዳ በኋላ ለሦስት ዓመት ያህል፣ እስከ ማርች 2024ቱ የ6 ጨዋታ እገዳ ድረስ፣ አልታገደም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ተከላካዮች ዊልሰንን መፍራታቸውን አልተዉም።

የመጨረሻው ጉዳይ ዕድሜ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ በሆኪ ወረቀቱ ውል ነው። ቦስተን በ2011 ዋንጫ ሲያነሳ የነበረው ሚላን ሉቺች በዚያ የውድድር ዘመን 30 ጎል ያገባ፣ ሁሉም የሚመኘው ፓወር ፎርዋርድ ነበር። በ2016 ኤድመንተን የ7 ዓመት የ42 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠው። የመጀመሪያው ዓመት 23 ጎል፣ ሁለተኛው 10፣ ሦስተኛው 6። ከዚያ ወደ ካልጋሪ ተላከ። ሉቺች ጉልበቱን አልተነጠቀም፣ እግሩ ግን ዘገየ፤ ጨዋታው ደግሞ በዓመት በዓመቱ እየፈጠነ ነበር። ማዕዘን ላይ ዘግይቶ የሚደርስ ጉልበተኛ ማንንም አያስፈራም። ዊልሰንም በሜይ 2022 የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ እስከ ጃንዋሪ 2023 አልተጫወተም። ውሉ የተፈረመው ከዚያ በኋላ ነው፣ ድፍረት ነበር።

የኔ ፍርድ ይኸው። እስካሁን ካፒታልስ አትርፏል፤ የውሉ የመጨረሻ ሁለት ሦስት ዓመታት ቢከስሩ እንኳ የጣሪያው ከፍ ማለት ኪሳራውን ያለዝበዋል። ሌላ ቡድን ግን ይህንን አይቶ ግዙፍ ሰው ሁሉ ዊልሰን ይሆንልኛል ብሎ ቢፈርም ሉቺችን ያገኛል። ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ይህ ሰው ከምርጦቻችን ጋር ሲሰለፍ ምርጦቹ ይሻላሉ ወይ? የመጀመሪያ እርምጃው ዛሬም ፈጣን ነው ወይ? በዓመት ስንት ቀን በእገዳና በጉዳት ይጠፋል?

በአዲሱ ውል የመጀመሪያ ዓመት፣ በ2024-25፣ ዊልሰን 33 ጎልና 32 አሲስት አስመዘገበ፤ ሁለቱም ከዚያ በፊት ደርሶባቸው የማያውቃቸው ናቸው። ካፒታልስም በ111 ነጥብ ምድቡን መራ። ሁሉም ሰው ስለ 33ቱ ጎል አወራ። ከዚያ ዓመት መዝገብ አንድ ቁጥር ብቻ መርጠህ ክፈል ቢሉኝ ግን ከ82 ጨዋታ 81ዱን መሰለፉን እመርጣለሁ፤ 33ቱ ጎል የተገኘው ሳይታገድ በመጫወቱ ነውና።