ከገደሉ አፋፍ፦ የሰሜን ሸዋ ማስታወሻ

ደብረ ብርሃን የገባ እንግዳን ቀድሞ የሚቀበለው ብርዱ ነው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ትገኛለች። ጠዋት ገበያተኛው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ያልፋል። ኑሮዬ ስቶክሆልም በመሆኑ ብርዱን ቶሎ ለመድኩት። የመጣሁት ሦስት ነገሮችን ለማየት ነው፦ የጣርማበር ተራራ አፈር ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው፣ በርኖስ ከሰው ትከሻ ላይ እንዴት እንደሚወርድ፣ እዚያው ተራራ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ መንገዱን ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ምን እንደሚታየው።

ምሽቶቼን የማሳልፈው የጦር ተሽከርካሪዎችንና ሰዎችን አሳንሼ በመሥራት ነው። ልኬቱ 1/35 ነው፤ ማንኛውም ነገር ከእውነተኛው ሠላሳ አምስት ጊዜ ያንሳል። በመዳፍ ስፋት መሬት ላይ አንድ ተሽከርካሪና ጥቂት ሰዎች ቆመው አንዲት ቅጽበት ሲያሳዩ የሙያው ሰዎች ቪኜት ይሉታል። አሁን የያዝኩት ሥራ በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ ይዛብን የመጣችውን ባለ ሰንሰለት ትንሽ ታንክ የሚመለከት ነው።

ይህ ታንክ ሲቪ 33 እና ሲቪ 35 በሚባሉ ዓይነቶች የተሠራ ነው። ሁለት ሰው ይይዛል፤ ክብደቱ ከሦስት ቶን ጥቂት ይበልጣል፤ ርዝመቱ 3.2 ሜትር፣ ከፍታው 1.3 ሜትር ያህል ነው። በልኬቱ ሲሠራ ርዝመቱ 9 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታው ከ4 ሴንቲ ሜትር በታች ይሆናል። 1.70 ሜትር ቁመት ያለው ሰው ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ጎን ለጎን ሲቆሙ ታንኩ ከሰውየው ደረት አያልፍም። የሚዞር ማማ ስለሌለው መትረየሶቹ የሚተኩሱት ወደ ፊት ብቻ ነው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በደምበጉና የራስ እምሩ ሠራዊት እነዚህን ታንኮች ከኋላ እየመጣ እላያቸው ላይ እንዴት ሊወጣ እንደቻለ በጽሑፍ አንብቤ ነበር። በእጄ ስሠራው ግን ምክንያቱ በዓይኔ ታየኝ።

ታንኩን መሥራት ቀላሉ ክፍል ነው። የፕላስቲክ ክፍሎቹ በሳጥን ይሸጣሉ፤ ፎቶግራፍም ሞልቷል፤ ሉቼ የተባለው የፋሽስቶቹ የፊልም ድርጅት ዘመቻውን እየተከተለ ቀርጾታል። ችግሩ እነዚያ ምስሎች ሁሉ የተነሡት ከመኪናው በኩል መሆናቸው ነው። ካሜራው ከሚገሰግሰው ጦር ጋር ተጉዟል፤ ከተራራው ሆኖ ወደ ታች የተመለከተውን ሰው ፊት ለፊት አላገኘውም። ያንን ሰው ለመሥራት አገሩን ማየት፣ ሰዎቹንም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ከመንዝ የመጣ የበግ ጠጉር ሥራ አገኘሁ፦ ባና፣ ምንጣፍ፣ ጥቁር በርኖስ። በመንዝ ጠጉሩን የሚፈትሉት ሴቶች፣ የሚሸምኑት ወንዶች ናቸው። አንድ አዛውንት በርኖሱን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝና፣ እጥፋቱን ላስተካክል ስል እጄን ያዙኝ።

«ተወው ልጄ፤ በርኖስ እንደ ነጠላ አይታጠፍም። የገዛ ክብደቱ ያወርደዋል።»

«ዝናብ ሲመታውስ፣ አባባ?»

«ያኔማ ይብሱን ይከብዳል፤ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።»

ለቀራጭ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። የምቀርጸው ሰው አጥንት ቀጭን ሽቦ ነው፤ ሥጋውና ልብሱ ሁለት ዓይነት ሊጥ ተቀላቅሎ ከሚሠራ፣ በሰዓታት ውስጥ ከሚደርቅ ማጣበቂያ ይቀረጻል። ኩታ ብዙ ቀጫጭን እጥፋት ያስፈልገዋል፤ በርኖስ ግን ጥቂትና ረጃጅም መስመሮች ይበቁታል። ቀለሙም ንጹሕ ጥቁር ሊሆን አይችልም፤ በፀሐይ የከረመ የበግ ጠጉር ቡናማ ቃና አለው፤ በዚያ ላይ ትንሽ ነገር በንጹሕ ጥቁር ከተቀባ ቅርጹ ይጠፋል።

ጣርማበር ስደርስ መንገዱን ጉም ውጦት ነበር። ሲገልጥ ሜዳው በድንገት ተቆረጠ፤ ከእግሬ በታች ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ገደል ታየ። ጭላዳዎች ጠርዙ ላይ ሣር እየነቀሉ ይበሉ ነበር። ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ከደሴ የተነሣው የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ወደ አዲስ አበባ ያለፈው በዚህ በኩል ነው። ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪዎች ነበሩት፦ ፊያት፣ ላንቻ፣ ፎርድ፣ ሸቭሮሌት፣ እነዚያን ትንንሽ ታንኮች ጨምሮ። ከሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ወጣት ዕጩ መኮንኖች ከስዊድናዊው መምህራቸው ከካፒቴን ቪኪንግ ታም ጋር ወደዚህ ተልከው ነበር። ያን ሁሉ ኃይል ለመመከት ቁጥራቸው ጥቂት ነበር። መንገዱ ግን ተንዶ ስለነበር ወራሪው ጦር እዚህ ቆመ፤ ወታደሮቹ ድንጋይና አፈር ተሸክመው እስኪጠግኑት ድረስ መኪናው ሁሉ ተደርድሮ ጠበቀ። አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ነው። በወረራው ዘመን ኢጣልያኖች ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ዋሻ እዚሁ ተራራ ውስጥ ፈልፍለው የሙሶሊኒን ስም ሰጡት።

ስለዚህ የትዕይንቴ ቦታ ይህ ነው፦ የተቆረጠ መንገድ፣ አፍንጫውን ወደ ቁርጡ አድርጎ የቆመ ታንክ፣ ከበላዩም ቋጥኝ። 15 ሴንቲ ሜትር ቋጥኝ በልኬቱ አምስት ሜትር ያህል ከፍታ ይሆናል፤ ለመዳፍ ስፋት መሬት ይበቃዋል። አፈሩን በትንሽ ከረጢት ያዝኩ። ላይኛው ጥቁር ቡናማ ነው፤ መንገዱ የቆረጠው ግድግዳ ግን ወደ ቀይ ያደላል። አንድ ሚሊ ሜትር የሆነች ጠጠር በልኬቱ 3.5 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ ስለምትሆን፣ አፈሩ ደጋግሞ ካልተነፋ ጎዳናው ሁሉ ኮረት ይመስላል።

ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ግድም ርቃ ባለችው አንኮበር ሌላ ትምህርት ጠበቀኝ። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1841 የመጣው በሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኞች ቡድን መድፍና ጠመንጃ ገጸ በረከት አምጥቶ ነበር፤ አብሮት የመጣው ሠዓሊ ማርቲን በርናትዝ የሸዋን ሰውና አገር ሥሏል። ልብስና መሣሪያ ለማጥናት ሥዕሎቹ ይጠቅሙኛል፤ እነሱም ግን የእንግዳ ዓይን ናቸው። የአገሬውን ዓይን ያገኘሁት ቡና ካፈሉልኝ እናት ነው። ያልተቀባውን ሰውዬ ከሳጥኑ አውጥቼ አሳየኋቸው፦ በርኖስ ለብሷል፣ ዝናር ታጥቋል፣ ምንሽር ይዟል። አገላብጠው አዩትና፦

«ስንቁንስ የት አደረግኸው?»

«ስንቅ አልሠራሁለትም፣ እማማ።»

«በሶውን ማን ይዞለት ነው ታዲያ? ያለ በሶ እዚህ ብርድ ላይ ስንት ቀን ይቆማል?»

ጥያቄያቸው ታሪኩን ሙሉ አደረገው። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ በነበሩት አምስት ዓመታት ራስ አበበ አረጋይና ሌሎች የሸዋ አርበኞች በእነዚህ ተራሮች ሲዋጉ፣ ገብስ ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ ስንቅ የሚያቀብል ሰው ባይኖር ጠመንጃው ብቻውን አያቆያቸውም ነበር። እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ የውስጥ አርበኞች ጥይትና መድኃኒት ከከተማ ያሻግሩ ነበር። ስለዚህ ከሰውየው ጎን አንዲት ሴት ትቆማለች፤ ጀርባዋ ላይ አቁማዳ አለ። አቁማዳው በልኬቱ ከጥፍሬ አይበልጥም፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ግን ከታንኩ ይልቅ ብዙ ጊዜ ልሰጠው የሚገባኝ እሱ ነው።

የአንድ ትዕይንት ፊት የቱ እንደሆነ የሚወስነው ሠሪው ነው። ብዙ ጊዜ ፊቱ ተሽከርካሪው ይሆናል፤ ምክንያቱም ብዙ ዝርዝር ያለበት እሱ ነው። እኔ ግን መሠረቱን አዙሬዋለሁ። ተመልካቹ ከሁለቱ ሰዎች ጀርባ ይቆማል፤ በትከሻቸው አሻግሮ የተቆረጠውን መንገድና የቆመውን ታንክ ቁልቁል ያያል። በዘመኑ ካሜራ ያላስቀረልን እይታ ይህ ነው፤ ፎቶግራፉ ከሌለ ደግሞ በእጅ ሊሠራ ይችላል። በአንኮበር መንገድ ዳር ከሽቦና ከቆርቆሮ መኪና የሚሠሩ ልጆች አይቻለሁ፤ መንኮራኩሩ ይዞራል፣ መሪውም ይሠራል። እንዲህ ያለ እጅ ላላቸው ልጆች የአያቶቻቸውን ታሪክና የልኬትን ስሌት አብሮ የሚያስተምር መምህር ቢገኝ፣ የጣርማበርን አፋፍ ከእኔ በተሻለ ይሠሩታል፤ አገሩን እነሱ ያውቁታልና።