እህል እንቢ ሲል

ምንባብ፦ 1ኛ ነገሥት 19፥1-9፤ የሐዋርያት ሥራ 27፥33-37

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እህል እንቢ ያላቸው ሰዎች ከምናስበው በላይ ብዙ ናቸው። ስለ ጾም አይደለም የማወራው። ጾም ሰው አስቦበትና ወዶ የሚገባበት ነው። እኔ የምለው ማዕዱ ቀርቦለት እጁ አልዘረጋ ያለውን ሰው ነው። ሐና በሴሎ፣ ቤተ ሰቡ ሁሉ በመሥዋዕቱ ማዕድ ዙሪያ ተቀምጦ እየበላ፣ እርሷ ታለቅስ ነበር እንጂ አትቀምስም ነበር። ዳዊት ሕፃኑ በታመመ ጊዜ የቤቱ ሽማግሌዎች ከመሬት ሊያነሡት ቢሞክሩም እንቢ አላቸው። ሳኦል በዓይንዶር ቤት ውስጥ በቁመቱ ተዘርግቶ ብላ ቢሉት አልበላም ብሎ ነበር። ነቢዩ ኤልያስ ደግሞ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተኝቶ ከእግዚአብሔር የለመነው እንጀራ አልነበረም፤ ሞቱን ነበር።

እነዚህን ታሪኮች አንድ ላይ እንዳነባቸው ያደረገኝ አንድ ዓሣ ነው። ትስቁ ይሆናል፤ ባለቤቴም ስቃለች።

የ9 ዓመቱ ልጃችን ወደ ውጭ አገር ከሚሄድ ጓደኛው አንድ ቤታ የሚባል ዓሣ ከነመስታወት ሳጥኑ ተሰጠው። ወሩ ኅዳር ነበር። ቤታ ቀይና ሰማያዊ ሆኖ፣ ክንፉ እንደ ነጠላ ጥለት የሚዘረጋ፣ ሲያዩት የሚያምር ዓሣ ነው። ቤታችን ከገባበት ቀን ጀምሮ ግን አንድ ፍሬ ምግብ አልነካም። ልጄ ጠዋት ይጨምርለታል፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይጨምርለታል፣ ማታ ከመተኛቱ በፊት ደግሞ «አባዬ፣ ትንሽ ልጨምርለት?» ይላል። ዓሣው ጥግ ይዞ ክንፉን ሰብስቦ ተቀምጧል።

በዚያው ወር እናቴ ከሐዋሳ መጥታ እኛ ጋር ነበረች። አባቴ መስከረም ላይ ወደ ጌታ ሄዶ ነበር። 43 ዓመት አብረው ኖረዋል። ሳሎን ውስጥ የዓሣው ሳጥን ፊት ለፊት ባለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ምግብ ሲቀርብላት ሁለት ጉርሻ ትወስድና «ጠገብሁ ልጄ፣ አንሡት» ትላለች። ቀሚሷ ከትከሻዋ እየወረደ ነበር። እንግዲህ በአንድ ሳሎን ሁለት የማይበሉ ነበሩን።

በቤተ ክርስቲያናችን ለብዙ ዓመታት ዓሣ የሚያረባ ወንድም አለ። ልጄ ለመነውና እሑድ ከአምልኮ በኋላ መጣ። የገረመኝ ነገር ምግቡን ጨርሶ አለማየቱ ነው። እጁን መስታወቱ ላይ አሳረፈ፣ ቴርሞሜትር ውኃው ውስጥ አስገባ፣ ከዚያ ጥያቄ ጀመረ፦ ውኃው መቼ ተቀየረ? ሌሊት መብራት ይጠፋባችኋል? ሳጥኑ ከተሞላ ስንት ጊዜው ነው?

ቴርሞሜትሩ 18 ዲግሪ አሳየ። ቤታ የታይላንድና የአካባቢዋ ዓሣ ነው፤ ጥልቀት በሌለው ሞቃት ውኃ፣ በሩዝ ማሳ ውስጥ ሳይቀር ይኖራል። የሚፈልገው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ነው። የአዲስ አበባ የኅዳር ሌሊት ለእርሱ ክረምት ነው። ዓሣ የራሱ ሙቀት የለውም፤ ውኃው ሲቀዘቅዝ ሰውነቱም አብሮ ይቀዘቅዛል፣ የምግብ መፍጨቱም ይዘገያል። ስለዚህ አፉ ቢዘጋ አይገርምም፤ ቢበላም የማይፈጨውን ነው የሚበላው።

ሁለተኛው ነገር ከሳጥኑ በታች የተከማቸው ነበር። ልጄ በፍቅር የጨመረው ምግብ ሁሉ እዚያ በስብሷል። የበሰበሰ ምግብና የዓሣው ቆሻሻ አሞኒያ የሚባል መርዝ ያወጣሉ፣ ይኸም የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል። በቆየ ሳጥን ውስጥ ይህን መርዝ ደረጃ በደረጃ ወደማይጎዳ ነገር የሚለውጡ ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ላይ ይኖራሉ። በአዲስ ሳጥን ግን እነርሱ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ለማይበላ ዓሣ ምግብ መጨመር የሚኖርበትን ውኃ መመረዝ ነው። ልጄ ይህን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ወንድማችን ግን ራሱን ዳበሰውና «ወደኸው ነው እኮ፣ እናስተካክለዋለን» አለው።

ያዘዘን ብዙ አልነበረም። የወደቀውን ምግብ በቀጭን ጎማ ስበን እንድናወጣ፣ በየሁለት ቀኑ ከውኃው ሩቡን ብቻ እንድንቀይር፣ የምንጨምረውንም የቧንቧ ውኃ ክሎሩ እንዲወጣ ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን እንድናሳድር። ማጣሪያውን በቧንቧ ውኃ እንዳናጥበው፣ ባክቴሪያዎቹ እንዳይሞቱ። ማሞቂያ ተከልን፤ ሙቀቱን ግን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በቀን አንድ ሁለት ዲግሪ ብቻ ከፍ እያደረግን። መብራት ሲጠፋ ሳጥኑን በብርድ ልብስ እንጠቀልለዋለን። ሦስቱን ጎኖች በወረቀት ሸፈንናቸው፣ የሚደበቅበት ቅጠልም አስገባንለት። ከሁሉ የከበደን የመጨረሻው ነው፦ ለሁለት ቀን ምንም ምግብ አትስጡት።

«ይራባል እኮ!» አለ ልጄ። ጤነኛ ቤታ ሳምንት ያህል ሳይበላ መቆየት እንደሚችል ወንድማችን ነገረው። ልጄ ግን በሰዓት አሥር ጊዜ እየሄደ ያየው ነበር።

እናቴ ይህን ሁሉ ከወንበሯ ሆና ትመለከት ነበር።

እርሷንም ቀደም ብለን ወደ ክሊኒክ ወስደናታል። ወገኖቼ፣ ይህን በግልጽ ልጻፈው፦ በዕድሜ የገፋ ሰው እህል ሲያቆም ጸሎት ብቻ አይበቃም፤ ሐኪም ይየው። ደም ግፊቷ፣ ስኳሯ፣ ደሟ ሁሉ ታየ። ሐኪሟ ሌላ በሽታ እንዳላገኘ ነገረንና ኀዘን ራሱ የምግብ ፍላጎት እንደሚዘጋ፣ ክብደቷን በየሳምንቱ እንድንመዝን፣ መቀነሱ ከቀጠለ እንድንመልሳት መከረን።

ቅዱሳንም እየመጡ ጎበኙን። ፍቅራቸውን ጌታ ይቍጠርላቸው፤ ባዶ እጁን የመጣ አልነበረም። ነገር ግን ከእንጀራውና ከዳቦው ጋር የሚያመጡት ቃል ነበር። «እማማ፣ አማኝ እንዲህ አያዝንም።» «ጋሼ እኮ በክብር ነው ያሉት፤ እርስዎ ደስ ሊልዎት ይገባል።» አንዷ እኅት ደግሞ ምግቡን በእጇ ይዛ «እስኪ ስለ ጌታ ብለው ይብሉ» ትላት ነበር። እናቴ አንገቷን ደፍታ «አሜን» ትላለች። ሁሉም ከሄዱ በኋላ ግን ያቺን ሁለት ጉርሻም አትነካም።

ይህ አነጋገር በእኛ መካከል የተለመደ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ሐዋርያው ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳያዝኑ ነው፤ ጨርሶ እንዳያዝኑ አላለም። ጌታችን አልዓዛርን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ አጠገብ አልቅሷል። እኛ ግን በለቅሶ ቤት ትንሣኤን የምንጠቅሰው አንዳንዴ የሰውን እንባ ማየት ስለሚጨንቀን ይመስለኛል። ሕልቃና ሐናን ከልቡ ይወዳት ነበር፤ ለምን እንደማትበላ ሲጠይቃትም በፍቅር ነው። ሆኖም ራሱን ከብዙ ልጆች ጋር እያነጻጸረ ማጽናናት ሲጀምር መልስ አልሰጠችውም። ፊቷ የተለወጠውና ምግብ የቀመሰችው ልቧን በእግዚአብሔር ፊት ካፈሰሰች በኋላ ነው። ልጁን ገና አልጸነሰችም ነበር። ያገኘችው መሰማትን ነበር።

በኤልያስ ላይም ያየሁት ይህንኑ ነው። መልአኩ ሲመጣ ዳሰሰው፤ አጠገቡ ትኩስ እንጎቻና አንድ ማሰሮ ውኃ ነበር። በልቶ ተመልሶ ተኛ፤ አልተወቀሰም። ሁለተኛ ጊዜ ተዳሰሰ፣ ሁለተኛ ጊዜ በላ። ምን ታደርጋለህ የሚለው ጥያቄ የመጣው 40 ቀን ተጉዞ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው። ሞቱን ስለለመነው ልመና እግዚአብሔር በዚያ ዛፍ ሥር አንድ ቃል አልመለሰም። አበላው፣ አስተኛው።

ወደ ዓሣው ልመለስ። በአምስተኛው ቀን ውኃው 25 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ልጄ ከአያቱ አጠገብ ተቀምጦ «አያቴ፣ አሁንም አፉን ዘግቷል» አላት።

እናቴ ረጅም ጊዜ አየችውና «ምናልባት ልጆቹን ይዞ ይሆናል» አለች።

ሐዋሳ የኖረ ሰው ይህን ያውቃል። በሐይቁ ውስጥ ያለው ቆሮሶ፣ እንስቷ ዕንቁላሏን ከጣለችና ወንዱ ካዳበረው በኋላ በአፏ ትሰበስበዋለች። ተፈልፍለው ራሳቸውን ችለው እስኪዋኙ ድረስ አንድ ሁለት ሳምንት ያህል በአፏ ትይዛቸዋለች፤ በዚያ ጊዜ የምትበላው ከምንም አይቆጠርም። ከለቀቀቻቸው በኋላም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ቤታ እንዲህ አያደርግም፤ የእርሱ ወንዱ ለዕንቁላሎቹ በውኃው ላይ የአረፋ ጎጆ ይሠራል። ይህን ለማረም ግን አፌን አልከፈትሁም፤ እናቴ ገና እየተናገረች ነበርና።

አንድ ቅዳሜ ከአባቴ ጋር አሞራ ገደል ዓሣ ሊገዙ ሄደው ነበር። ዓሣ አጥማጁ አንዲቱን ሲያነሣት ከአፏ ጥቃቅን ነገሮች ፈሰሱ። አባቴ «እርሷን ወደ ውኃው መልሳት፣ ዋጋዋን ልክፈልህ» አለው። ሰውየው ሳቀበት። አባቴ ግን ከፍሎ አስመለሳት፤ ለምሳ የሚሆን ዓሣ ሳይዙ ወደ ቤት ተመለሱ። «በጣም ተቈጥቼው ነበር» አለች እናቴ። «ገንዘባችንን ሐይቅ ውስጥ ጣልኸው ብዬ ቀኑን ሙሉ አኵርፌው ዋልሁ።» ከዚያ ሳቀች፤ ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። ከቀብሩ ወዲህ ድምፅዋን አውጥታ ስታለቅስ ያየኋት ያን ዕለት ነው። ማንም ዝም በይ አላላትም። ልጄ እጇን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። ያን ማታ ግማሽ ሳሕን ሾርባ ጠጣች።

በማግሥቱ ልጄ ከጓሮ በርሜል ያገኛቸውን የትንኝ እጮች በንጹሕ ውኃ አጥቦ ሦስቱን ብቻ ጨመረ። ቤታ በተፈጥሮው ተባይና እጭ አዳኝ ነው፤ አፉም ወደ ላይ የተቀለበሰው በውኃው ገጽ ላይ ያለውን ለመልቀም ነው። የማይንቀሳቀሰውን ደረቅ ምግብ እንደ ምግብ ላያየው ይችላል። አንዱ እጭ ሲወራጭ ዓሣው ዞረ። ወሰደው፣ ተፋው፣ እንደገና ወሰደው። የልጄ ጩኸት እስከ ጎረቤት ተሰምቷል።

እናቴ እንደ ዓሣው በአንድ ቀን አልተነሣችም። ባለቤቴ ግን ያን ሰሞን የሐዋርያት ሥራ 27ን ታነብ ነበርና አንድ ነገር አሰበች። በማዕበል በተመታው መርከብ ላይ 276 ሰዎች 14 ቀን ሳይበሉ ቆይተው ነበር። ጳውሎስ ምግብ እንዲቀምሱ ከመከራቸው በኋላ ራሱ እንጀራ ይዞ አመሰገነ፣ ቈርሶም በፊታቸው ይበላ ጀመር። እነርሱም ተጽናንተው በሉ። ለእናቴ ለክብሯ ብለን በትሪ ለብቻዋ ነበር የምናቀርብላት፤ ባለቤቴ ያን አስቀረችውና ሁላችንም በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀመጥን። ጸልየን መብላት እንጀምራለን። ብዪ የሚላት የለም። ወሬ እናወራለን፤ አብዛኛውን ጊዜ ስለ አባባ ነው።

ክብደቷ በጥር ወር መውረዱን አቆመ፤ ከዚያ ወዲህ 3 ኪሎ ጨምራለች። ጠዋትና ማታ ከእኛ ጋር ትበላለች። ምሳ ግን ገና አልተመለሰላትም። አባባ ሁልጊዜ በ6 ሰዓት ተኩል ለምሳ ወደ ቤት ይመጣ ነበር። በዚያ ሰዓት ቡናዋን ይዛ ትቀመጣለች፣ ባለቤቴም ሥራዋን አቁማ አጠገቧ ትጠጣለች።