እንደ ሁዳዴ ዜማ

እናቴ ሚኒያፖሊስ በመጣችበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ዐቢይ ጾም የገባው በረዶው ከመንገድ ሳይነሳ ነው። ሲዳር ሪቨርሳይድ በሚባለው ሰፈር ካሉት ባለቀለም ፎቆች በአንዱ እንኖር ነበር። ቡና ስትቆላ ሙዚቃ ከፈትኩ። “በጾም?” ብላ ትቆጣኛለች ስል፣ ምጣዱን ከእሳት አውርዳ ቆማ ማዳመጥ ጀመረች።

“የሁዳዴ ነው አይደል?”

“አይደለም እማዬ። የዚህ አገር ባልና ሚስት ናቸው።”

“ባልና ሚስትነታቸውማ ያስታውቃል። አንዱ ሌላውን አይቀድምም።”

የሴትየዋ ስም ሚሚ ነው ስላት ደግሞ የእኛው ልጅ መስላት ደስ አላት። ሚሚ ፓርከር። ባሏ አለን ስፓርሃውክ። ቡድናቸው ሎው ይባላል። እዚሁ ሚኒሶታ ውስጥ፣ አንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ የተዋወቁ ናቸው፤ ሁለቱም የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ምዕመናን። ከእኛ በስተሰሜን 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ታላቁ ሐይቅ ዳር ባለችው በዱሉዝ፣ በ1993 መጫወት ሲጀምሩ ዘመኑ የጩኸት ነበር። እነሱ ግን አዘገሙ። ሰው ጠጥቶ ሲንጫጫባቸው ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም ነበር፤ ጭራሽ ይቀንሱት ነበር። ባስ የሚጫወተው ሰው በየጊዜው ቢቀያየርም ሁለቱ አልተለያዩም። ያን ቀን እናቴ የሰማችው አልበም በ2011 የወጣው ነው፤ ዱሉዝ ባለ አሮጌ የካቶሊክ ካቴድራል ውስጥ የተቀዳ። ይህን አልነገርኳትም፤ ጆሮዋ ግን ደርሶበታል።

ቪዲዮም አሳየኋት። ሚሚ ቆማ ሁለት ከበሮና አንድ ሲምባል በብሩሽ ታሻለች። “በሁዳዴ ከበሮ አይመታም” አለች እናቴ፣ “የሷ ግን ሕፃን ጀርባውን መታ መታ አድርጎ እንደ ማስተኛት ነው።” ስለ ሚሚ አመታት ብዙ ተጽፏል፤ ከዚህ የተሻለ አላነበብኩም።

እናቴ አገሯ ከተመለሰች በኋላ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ 15 ቀን በፈረንጆቹ፣ ዎከር የሥነ ጥበብ ማዕከል አጠገብ ባለው ዳገት ላይ ሲጫወቱ አየኋቸው። ዝናብ ሲጥል የዋለበት ቀን ነው። በተሰጣቸው ሰዓት አንድ ዘፈን ብቻ ተጫወቱ፤ 27 ደቂቃ። ጊታሩ እየጎረነነ ይዘልቃል፣ የሚሚ ድምፅ ከውስጡ ብቅ ይላል። አጠገቤ የነበሩ ሰዎች ተቆጡ። እኔ ግን ከበገና አውታር ሥር የምትገባውን ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋን፣ አሰብኩ፤ ያንን የሚንዘረዘር፣ ደረት ውስጥ የሚቀር ድምፅ። ሲጨርሱ አለን ሦስት ቃል ብቻ ተናገረ። በእንግሊዝኛ ድሮን አንድ ወጥ ሆኖ የሚዘልቅ ድምፅም ነው፣ ቦምብ ጣይ ሰው አልባ አውሮፕላንም ነው፤ የመጀመሪያው ይሁን፣ ሁለተኛው ይቅር ማለቱ ነው። በዚሁ ቃል በተከታዩ ዓመት ከፎቃችን ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ሲዳር የባህል ማዕከል ውስጥ፣ 28 ሰዓት ያላቋረጠ የእርዳታ ዝግጅት ተጀመረ። ያኔ ድሮን ለእኔ የሩቅ አገር ዜና ነበር። ዛሬ እናቴ አገር ሕፃን ሁሉ ቃሉን ያውቀዋል።

በ2021 ያወጡት አልበም የሁለቱ ብቻ ነው። ጊታሩ በማሽን ተቀዳዶ፣ ተሰባብሮ ይመጣል፤ ሁለቱ ድምፆች ግን እንደ ጥንቱ ጎን ለጎን፣ ሳይነኩ ይቆማሉ። የመጨረሻቸው ሆነ። ሚሚ ኅዳር 5 ቀን 2022 በማህፀን እንቁላል ካንሰር ዐረፈች፤ 55 ዓመቷ ነበር። ቀኑ በፈረንጆቹ ነው። ለእናቴ ደውዬ ስነግራት “ነፍስ ይማር” አለችና ዝም አለች። ቆይታ “ባልየው ይዘፍን ይሆን?” አለች።

ዘፈነ። በ2024 ባወጣው አልበም ግን ድምፁን በማሽን ቀይሮ አቀጠነው፤ አለን መሆኑን ማንም አይለየውም። አልበሙን እስከ መጨረሻ ለመስማት ብዙ ቀን ፈጀብኝ። ለእናቴም አላሰማኋትም።

በ2025 ከዱሉዙ ቡድን ከትራምፕልድ ባይ ተርትልስ ጋር አልበም ይዞ ሲመጣ በገዛ ድምፁ ነው። በአንዱ ዘፈን ላይ የእሱና የሚሚ ልጅ አብራው ትዘፍናለች። ያን ጊዜ ከሲዳር ለቅቄያለሁ። ስልኬን ከድምፅ ማጉያው አስጠግቼ ለእናቴ ከፈትኩላት። እስኪያልቅ አልተናገረችም።

“ይቺ አትቀድመውም” አለችኝ። “ልጅቷ የማን ናት?”