ጌጥና ግዳጅ

አንድ መሣሪያ በመጀመሪያ ለችግር ተፈልጎ ይሠራል፤ ዘመን ሲያልፍ ችግሩ ይረሳና መልኩ ለጌጥ ይቀራል። እኛ ጌጥን ከሚነቅፉት ወገን አይደለንም፤ ጌጥ ለሰው ልጅ የድካሙ ዕረፍት ነውና። ነገር ግን ጌጡ የጥንት ግዳጁን ፈጽሞ የረሳ እንደ ሆነ ምን እንደሚያደርስ በቀኝ እግራችን ባት ላይ ተጽፎ ስለምናየው፣ ጥቂት ልንናገር ወደድን።

ታናሽ ወንድማችን በ19 ዓመቱ የዲቪ ዕጣ ደርሶት ወደ አሜሪካ ከሄደ ዐሥር ዓመት ዐልፎታል። በልጅነቱ ድምፁ የማይሰማ ዝምተኛ ነበረ። ባለፈው ዓመት ፈቃዳችንን አጠራቅመን ልንጠይቀው ወደ ሎስ አንጀለስ በሄድን ጊዜ፣ ቤቱ እንደ ደረስን ከሁሉ አስቀድሞ ያሳየን በመኪና ማሳደሪያው ውስጥ የቆመችውን ትራያምፍ ስክራምብለር ሞተር ብስክሌት ነው። የተሠራችውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ነው፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ስክራምብለር የሚለው ስም የመጣው በእንግሊዝ አገር ከሚደረገው የጭቃና የዳገት እሽቅድምድም ሲሆን፣ የመጀመሪያው በ1924 በሰሪ አውራጃ በካምበርሊ እንደ ተደረገ ይነገራል። ተወዳዳሪዎቹ ለመንገድ የተሠራውን ሞተር ይዘው ወደ ሜዳ ሲወጡ ዝቅ ብሎ የተዘረጋውን የጭስ ማውጫ ድንጋይ እየመታው፣ ውሃም እየገባበት ስላስቸገራቸው፣ ቱቦውን ወደ ላይ አነሡት፤ ፓራፋንጎውን አሳጠሩ፤ ጥርሱ የጎላ ጎማ አገቡለት። በ1962 የጃፓኑ ሆንዳ ቱቦው ከፍ ያለውን ሲ ኤል 72 አወጣ፤ በዚያው ዓመት ሁለት ጋላቢዎች በዚሁ ሞተር ከቲዋና ተነሥተው በሜክሲኮ ምድረ በዳ ላ ፓዝ ድረስ ከ40 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ደረሱ። የኢጣሊያው ዱካቲም በዚያው ዓመት ለአሜሪካ ገበያ የራሱን ስክራምብለር አቀረበ። ቆይቶ ግን ለሜዳ ብቻ የተሠሩ ቀላል ሞተሮች መጡና ስክራምብለር ከሜዳው ወጣ። ትራያምፍ በ2006፣ ዱካቲም በ2015 ያንን መልክ ሲመልሱት፣ ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው በአስፋልት ላይ ነበረ። ቱቦው ግን እንደ ጥንቱ ከፍ እንዳለ ቀረ።

የወንድማችን ሞተር ባለ ሁለት ሲሊንደርና 865 ሲሲ ናት። ሁለቱም ቱቦዎች በቀኝ ጎን በተቀማጩ ጭን ሥር ያልፋሉ፤ ስለዚህም ፋብሪካው የሙቀት መከለያ አልብሷቸዋል። በማርሚታው ውስጥም እንደ ግርፋት እየተወረወረ የሚመጣውን ጋዝ የሚያበርድ፣ የድምፁንም ሞገድ እርስ በርሱ እያጋጨ የሚያደክም የተበሳሳ ቱቦ አለ። ወንድማችን ቅዳሜ ማታ ይህን የውስጥ ቱቦ አወጣው፤ አየሩ እንዳይበዛና ሞተሩ እንዳይግል በካርቡራቶሩ ቤንዚን የሚለካውን ቀዳዳ አሰፋ፤ የፊተኛውን ቱቦ ሙቀት በሚችል ጥብጣብ ጠቀለለ፤ መከለያዎቹንም ፈታ። መብራት የያዝንለት እኛ ነበርን።

«ወንድም ጋሼ፣ መከለያው ይመለስ ወይስ ይቅር?» አለን።

የቱቦውን ባዶ መስመር አየንና፣ «ይቅር፤ እንዲህ ታምራለች» አልን። መዝገቡን ሳያነብ የሚፈርም ሹም እንዲህ ያለ ነው።

በማግስቱ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ወዳሉበት ወደ ፌርፋክስ ጎዳና ከኋላው አፈናጦ ወሰደን። የለበስነው ስስ ሱሪ ነበረ። በቀይ መብራት ቆመን ሳለ ባታችን ጥብጣቡ ያልደረሰበትን ብረት ነካ። ራሳችን የፈረድነው ፍርድ ስለ ሆነ አፍረን ዝም አልን፤ ወንድማችን ቁስሉን ያየው ቡና ቀርቦ ሳለ ነው። በዚያን ጊዜ ፊቱ እንዴት እንደ ተለዋወጠ እስከ ዛሬ አንረሳውም።

ሰኞ ጧት ደግሞ አንዲት ጎረቤት በሩን አንኳኳች። ሌሊት ሆስፒታል አድራ ቀን የምትተኛ ሴት ናት። አልተሳደበችም፤ ከቅዳሜ ወዲህ እንቅልፍ እንዳጣች ብቻ ተናግራ ሄደች።

እኛም ተግሣጽ አዘጋጀን። በአሜሪካ ሕግ ከ1986 ጀምሮ ለመንገድ የሚሠራ ሞተር ብስክሌት ከ80 ዴሲቤል በላይ እንዳይጮኽ መወሰኑን፣ በካሊፎርኒያም የጭስ ማውጫን ለውጦ ድምፅ ማብዛት ክልክል መሆኑን ልንነግረው አሰብን። አስቀድመን ግን፣ «አንተም የሌሊት ሥራ ሠርተህ ታውቃለህ፤ ለምን ይህን ታደርጋለህ?» ብለን ጠየቅነው።

ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ወንድም ጋሼ፣ በዚህ ከተማ ዐሥር ዓመት ስኖር መንገደኛ ዘወር ብሎ የሚያየኝ ይህች ሞተር ስትጮኽ ነው» አለ።

የያዝነው ሕግ ሁሉ ከአፋችን ጠፋ። እኛስ የምንደውልለት መቼ ነበረ? ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ። ዝምተኛ ልጅ ነው ብለን ዝምታውን እንደ ጤና ቈጥረንለት ኖረናል። ሰው ድምፁን የሚሰማለት ሲያጣ በብረት ቢጮኽ፣ ወቀሳው ለጩኸቱ ብቻ ሊሆን አይገባም። ሆኖም ያቺ የደከመች ሴት እንቅልፏን የምታጣበት ምክንያት አልነበረም።

በዚያው ማታ መብራቱን እንደ ገና ያዝን። የውስጡ ቱቦ ወደ ማርሚታው ተመለሰ፤ የካርቡራቶሩም ልክ ወደ ቀድሞው ሆነ፤ መከለያዎቹም ታሰሩ። አጭሩን ፓራፋንጎና ሰፊውን መሪ ግን አልነካንም፤ ማንንም አይጎዱምና። ሞተሩን ሲያስነሣው ያ እኩል ያልሆነ አመታቱ፣ እንደ ሠጋር በቅሎ ርምጃ፣ ዝቅ ብሎና ጠርቶ ተሰማ። እኛ በበኩላችን ከቅዳሜው ይልቅ ወደድነው።

ከተመለስን ወዲህ እሑድ እሑድ እንደውልለታለን። አስቀድሞ የሚጠይቀን ስለ እግራችን ነው። ጠባሳው አልጠፋም እንለዋለን፤ እሱም መከለያው በቦታው አለ ይለናል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው ይቀጥላል።