በፍርስራሽ መካከል የቆመው ሐዋርያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአዳማ የምትገኘው አጥቢያችን የሰንበት ትምህርት ቤቱን አሮጌ አዳራሽ ለማደስ ባፈረሰች ጊዜ፣ እኔም ከአገልግሎት ቀረሁ። «አዲሱ ሲሠራ እመለሳለሁ» እያልሁ ወራት አለፉ። እውነቱን ለመናገር ምክንያቴ አዳራሹ አልነበረም፤ ልቤ ቀድሞ ቀዝቅዞ ነበር።

በዚያ ወቅት ጣልያናዊው ሠዓሊ ጆቫኒ ፓኦሎ ፓኒኒ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1744 የሣለውን አንድ ሥዕል በመጽሐፍ አየሁ። ሥዕሉ ዛሬ በሩሲያ፣ በኤርሚታዥ ቤተ መዘክር ይገኛል። ቅዱስ ጳውሎስ በፈራረሱ ጥንታውያን ሕንፃዎች መካከል ቆሞ ያስተምራል፤ ሰዎችም ያደምጡታል። እርግጥ ነው፣ ሥዕሉ የቤተ ክርስቲያናችንን ሥርዓተ ሥዕል የተከተለ ስላልሆነ በፊቱ አንጸልይም፤ መልእክቱ ግን ወቀሰኝ። በሐዋርያው ዘመን የሮም ኃይል ገና አልወደቀም ነበር። ሠዓሊው ግን ፍጻሜውን ከስብከቱ ጋር በአንድ ሸራ አገናኘው፦ የገነነው ፈርሶ፣ የታሰረውና የተገረፈው ሐዋርያ ቃሉን ሲናገር። ቅዱስ ጳውሎስም በአቴና፣ የዓለም ፈጣሪ በሰው እጅ በተሠራ መቅደስ እንደማይወሰን አስተምሯል (ሐዋ. 17፥24)።

ምሳሌውም ከእኛ ሩቅ አይደለም። ከአዳማ በስተደቡብ፣ በዝዋይ ሐይቅ ላይ የደብረ ጽዮን ደሴት አለች። አባቶች እንደሚተርኩልን፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን አክሱም ስትጠፋ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው የተሰደዱት ወደዚህች ደሴት ነው። ከተማዪቱ ስትወድም «ቤታችን ፈረሰ» ብለው አገልግሎታቸውን አልተዉም፤ በሐይቁ መካከል ጸሎቱን ቀጠሉ። እኔ ግን አንድ ጣሪያ ቢነሣ ቀረሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ሄድሁ። ጥቂት ሕፃናት ከግራር ዛፍ ሥር ተቀምጠው መዝሙር ያጠናሉ። የሚያስተምራቸው ቀድሞ የእኔ ተማሪ የነበረ ወጣት ነው። ወራቱን ሁሉ አንድም እሑድ አላቋረጡም ነበር። አንዲት ሕፃን ብድግ ብላ መቀመጫዋን ለቀቀችልኝ፤ ከፈረሰው አዳራሽ የተረፈ ድንጋይ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥሁ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከአገልግሎት የራቃችሁ ብትኖሩ ሕንፃው እስኪያልቅ አትጠብቁ። ዛፉ ሥር ስፍራ አለ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።