በኮምቦልቻና በደሴ ማዕድ፤ ስለ ጉርሻ ሥርዓት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ወሎ የሚሄድ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ፥ በጣርማ በር ዋሻ ሾልኮ፥ ደብረ ሲናን፥ ሸዋ ሮቢትን፥ ከሚሴንና ሐርቡን ተሻግሮ ኮምቦልቻ ሲደርስ 375 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው 25 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው የደሴ ዳገት ብቻ ነው። እንግዴህ በዚህ ሥፍራ መንገደኛው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ምሳው መሆኑን ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልገንም። እኛም በቅርቡ ከነቤተ ሰባችን በዚሁ መንገድ ስንሄድ ያየነውንና የተማርነውን፥ ይልቁንም ራሳችን የፈጸምነውን ስሕተት፥ ሳንደብቅ በዚህ ገጽ ላይ ልናቀርበው ወደድን። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን የሰውን ክብር የሚነካ ነገር ሁሉ ትንሽ ተብሎ አይታለፍም።

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፥ በቦርከና ወንዝ አጠገብ የተቀመጠች ሞቃት ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ፥ የአውሮፕላን ማረፊያዋና በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርኳ የሥራ ከተማ አድርገዋታል። ስለዚህ በምሳ ሰዓት ምግብ ቤቶቿ በሾፌሮች፥ በነጋዴዎችና ለስብሰባ በመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ይሞላሉ። እኛም ስሙን መጥራት ከማያስፈልገን አንድ ሆቴል ብንገባ ዕለቱ ዓርብ ነበረና የጾም ቡፌ ተዘርግቶ አገኘን።

ቡፌ የተባለው ቃል ከፈረንሳይ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፥ በየሳሎናችን ብርጭቆና ሳሕን የምንደረድርበት ባለ መስተዋት ዕቃ ማስቀመጫም በዚሁ ስም ይጠራል። በምግብ ቤት ግን ቡፌ ማለት ምግቡ ሁሉ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ፥ እንግዳው ሳሕኑን ይዞና ተራውን ጠብቆ፥ የወደደውን ራሱ እያነሣ የሚበላበት ሥርዓት ነው። ሽሮው፥ የምስር ወጡ፥ የክክ አልጫው፥ ጎመኑ፥ አዚፋው፥ የሱፍ ፍትፍቱ፥ ቀይ ሥሩ በየመልኩ ተሰልፎ ነበር። በልተን ጠገብን፤ ሂሳቡም መጣ። በዚህ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ፥ «ያነሣነው በገዛ እጃችን ነው፤ ያሳለፈልን ሰው የለም፤ እንግዴህ ጉርሻው ለማን ነው?» አለ። ነገሩ እውነት መሰለንና መልሱን እስከ መጨረሻዋ ብር ቆጥረን ተቀብለን ተነሣን።

መኪናችን የደሴን ዳገት ሲጀምር ከኛ ጋር የነበረች የዘጠኝ ዓመት ልጅ፥ «አባባ፥ እኔ ሦስት ጊዜ ሳሕን ቀይሬአለሁ፤ የቀደሙትን ሳሕኖች ማን ወሰዳቸው?» ብላ ጠየቀች። መልስ አጣን። ልጅቱ ጭማቂ ባፈሰሰች ጊዜ አንዲት ወጣት አስተናጋጅ ፈጥና መጥታ ጠረጴዛውን እንደ ጠረገችና፥ «አብሽሩ፤ ይህ የኛ ሥራ ነው» እንዳለችን ያን ጊዜ ትዝ አለን። አብሽሩ ማለት በወሎ ቋንቋ አይዟችሁ ማለት ነው። አይዟችሁ ላለችን ልጅ አመሰግናለሁ እንኳ ሳንላት ወጥተን ነበር።

የደሴ መንገድ ለማሰብ የሚመች ነው። ጠመዝማዛውን እየወጣን በሄድን መጠን ሙቀቱ እየቀነሰ፥ የጦሳ ተራራም እየቀረበ ይመጣል፤ ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና የኮምቦልቻን ሙቀት የለመደ ሰው ጋቢውን ይፈልጋል። እኛም በዚህ መንገድ ላይ ሳለን ጉርሻ ስለ ተባለው ቃል እናስብ ጀመርን።

በቋንቋችን ጉርሻ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይዟል። የመጀመሪያው በእጅ ተጠቅልሎ በሰው አፍ የሚደረገው ምግብ ነው፤ ሁለተኛው ላገለገለ ሰው ከዋጋው በላይ የሚሰጠው ገንዘብ ነው። ሁለቱ በአንድ ስም የተጠሩት ያለ ምክንያት አይመስለንም። በቀድሞው ማዕድ ላይ አባወራው ወይም የተከበረው እንግዳ ከሚበላው ላይ ጠቅልሎ፥ ውሃ ይዞ ወይም መብራት ይዞ ለቆመው ልጅ ያጎርሰው ነበር። ይህም ደመወዝ አልነበረም፤ ምጽዋትም አልነበረም። «እኔ ስበላ አንተ ቆመሃል፤ መቆምህንም አይቼአለሁ» ማለት ነበር። ስለዚህ በገንዘብ የሚሰጠው ጉርሻም ትርጉሙ ይኸው ነው፤ የቆመውን ሰው ማየት። በቡፌ ላይ የቆመው ሰው አይታይም እንጂ የለም ማለት አይደለም። ሌሊት ተነሥቶ ሽንኩርት የከተፈው፥ ምግቡ እንዳይበርድ እሳቱን የጠበቀው፥ ሳሕኑን አጥቦ ያደረቀው፥ እኛ ጥለን የተነሣነውን የሚያነሣው ሁሉ በመጋረጃ በስተ ኋላ ቆሟል።

የአገራችን ሰው በምግብ ላይ ዋጋ መክፈልን የለመደው በቅርብ ጊዜ እንደ ሆነ መዘንጋት አይገባም። በአዲስ አበባ እቴጌ ሆቴል በ1900 ዓ.ም. ገደማ በተከፈተ ጊዜ መኳንንቱ እንጀራ ገዝቶ መብላትን እንደ ነውር ቈጥረውት እንደ ነበረ፥ ዳግማዊ አፄ ምኒልክም ራሳቸው ሄደው በልተው ዋጋውን በመክፈል ምሳሌ እንደ ሆኑላቸው ይነገራል። በቤቱ ለእንግዳ ሲያበላ የኖረ ሕዝብ ሂሳብ መክፈሉን በጊዜ ብዛት ለመደ፤ ለአሳላፊው የሚገባውን ግን እስከ ዛሬ አጥርቶ አልወሰነም። አንዱ ምንም አይሰጥም፤ ሌላው ሰው እንዲያይለት አብዝቶ ይበትናል።

በደሴ ይህን ነገር ለማሰብ የሚበቃ ታላቅ ቤት አለ። ይኸውም በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው የነገሡት የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። ስሙ አይጠየፍ ይባላል። ትልቁም ትንሹም፥ ባለጸጋውም ድኃውም ሳይለይ ይበላበት ስለ ነበረ ይህ ስም እንደ ወጣለት ይነገራል። ንጉሡ በጥቅምት ወር 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት ድል ከሆኑ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ ያስተምራል። በዚህ አዳራሽ ፊት ቆመን፥ ዓርብ ዕለት በኮምቦልቻ ያደረግነውን ስናስታውስ፥ ከዚህ ስም ጋር የማይስማማ ሥራ መሥራታችን ተሰማን። ሰውን መጠየፍ በስድብ ብቻ አይደለም፤ እንደ ሌለ ቈጥሮ ማለፍም መጠየፍ ነው።

እሑድ ደግሞ ከዚህ የባሰ አየን። በደሴ ከሚኖሩ ወዳጆቻችን አንዱ፥ በሥልጣን ያሉ ሰው ናቸው፥ ለምሳ ጋበዙን። በወሎ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ሥጋ ለየብቻ ይዘጋጃል፤ ዓሣ ግን ሁለቱም በአንድነት የሚበሉት ነው። በዚያ ቀን ደግሞ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ከሐይቅ የመጣ ዓሣ ተጠብሶ በጥቂት በጥቂቱ ከወጥ ቤት ይወጣ ነበርና ሰው ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቃል። ወዳጃችን ግን ከመቀመጣችን በፊት በ2013 ዓ.ም. ከወጣው ባለ 200 ብር ኖት አንዱን አጥፈው በአከፋፋዩ እጅ ጨበጡለት። ዓሣው በወጣ ጊዜ ትሪው በሰልፉ ፊት አልፎ በቀጥታ ወደኛ ጠረጴዛ መጣ። ከሰልፉ ፊት የነበሩት ጥምጥም ያሰሩ ሽማግሌ፥ የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ባዶውን ማሞቂያ ተመለከቱ፤ ሕፃኑንም፥ «አብሽር፤ ይመጣል» አሉት። ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ያ ዓሣ በጉሮሯችን አልወርድ አለ። ተነሥተን ትሪውን ወደ እርሳቸው ወሰድነው። «አባባ፥ ተራው የእርስዎ ነበር፤ ይቅርታ ያድርጉልን» አልናቸው። እርሳቸውም ለሕፃኑ አንዱን ብቻ አነሡና፥ «የቀረውን ለተሰለፈው አካፍሉት» ብለው መለሱልን። ወዳጃችንም አስተዋይ ሰው ናቸውና አልተቈጡም፤ ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፥ «ይህን በመሥሪያ ቤቴ ቢያደርጉብኝ ኖሮ ስሙን ምን እለው ነበር?» አሉ።

መልሱን አንባቢው ያውቀዋል። ከሥራ በኋላ በምስጋና የሚሰጥ ጉርሻ ነው፤ ከሥራ በፊት የሌላውን ተራ ለመውሰድ የሚሰጥ መማለጃ ነው። ገንዘቡ አንድ፥ እጁም አንድ ነው፤ የሚለያያቸው ጊዜውና ልቡ ነው። በማዕድ ላይ መማለጃን ጉርሻ ብሎ የለመደ ሰው በጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይም ሁለቱን ለመለየት ይቸግረዋል። ልጆቻችንም ይህን የሚማሩት ከንግግራችን ሳይሆን እጃችን ሲዘረጋ አይተው ነው።

በውጭ አገርም ልማዱ ልዩ ልዩ ነው። በፈረንሳይ የአገልግሎቱ ዋጋ በሂሳቡ ውስጥ ተጠቃሎ ይከፈላል፤ በጃፓን ጉርሻ መስጠት ልማድ አይደለም፤ በአሜሪካ ግን በጠረጴዛ ለሚያስተናግድ ሰው ከመቶ 15 እስከ 20 መስጠት የተለመደ ሲሆን ለቡፌ ከዚህ ያንሳል። በአገራችን ትልልቅ ሆቴሎች ከ15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ሌላ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ በሂሳቡ ላይ የሚጨምሩበት ጊዜ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ ከደንበኞች የሚገኘውን የአገልግሎት ክፍያ ከደመወዝ አይቈጥረውም። እንግዴህ ጉርሻ የአሠሪውን ዕዳ መክፈያ አይደለም፤ የእንግዳው የራሱ ምስጋና ነው።

ስለዚህ ለቤተ ሰቦች የምንመክረው ይህ ነው። በመጀመሪያ ሂሳቡን አንብቡ፤ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮበት እንደ ሆነ ከዚያ በላይ መስጠት በፈቃዳችሁ ነው። ያልተጨመረበት እንደ ሆነ፥ ለጠረጴዛ መስተንግዶ ከሂሳቡ አንድ ዐሥረኛ፥ ለቡፌ የዚህ ግማሽ ቢሰጥ ለሰጪውም አይከብድም፥ ለተቀባዩም አያሳፍርም። ትንሽ ያለው ሰው ትንሽ ይስጥ፤ ምስጋናውን ግን አያሳንስ። ገንዘቡን በሂሳብ መያዣው ውስጥ አኑሩት ወይም በእጅ ስጡ እንጂ በጠረጴዛ ላይ አትወርውሩት፤ ጉርሻ አይወረወርምና። አስተናጋጆችን በጭብጨባ አትጥሩ፤ «እኅቴ»፥ «ወንድሜ» ማለት ዋጋ አይጠይቅም። የጋራ ሣጥን ካለ ወጥ ቤት ያሉትም እንዲካፈሉ በዚያ መክተት ይሻላል። በሳሕናችሁም የማትጨርሱትን አትከምሩ፤ ምግብ አባክኖ ገንዘብ ትቶ መሄድ ምስጋና አይባልም።

በስብሰባ ምክንያት መሥሪያ ቤቱ ሂሳቡን የከፈለላችሁ ሹማምንትም፥ መሥሪያ ቤቱ የከፈለው የምግቡን ዋጋ ነው፤ ምስጋናውን በእናንተ ስም ሊከፍል አይችልም። ከውሎ አበላችሁ ጥቂት ብታነሡለት አትጎዱም። በሠርግና በዝክር ቤት ግን ገንዘብ መስጠት ባለቤቱን ያስከፋዋልና፥ በዚያ የሚገባው ጉርሻ ምርቃት ነው።

ሰኞ ስንመለስ ከዚያው ከኮምቦልቻ ሆቴል ደጃፍ ቆምን። ልጅቱን አገኘናትና የዓርቡን በእጇ ልንሰጣት ብንዘረጋ፥ ተቀብላ በገንዘብ ያዡ አጠገብ ባለው ሣጥን ከተተችው። «ዓርብ ዕለት ሳሕን ያጠበችው ሌላዋ ናት፤ ዛሬ ዕረፍት ላይ ናት፤ ሲከፈል ይደርሳታል» አለችን። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ በጦርነት ተይዘው፥ ፋብሪካዎችና የደሴ ሐኪም ቤት ሳይቀሩ ተዘርፈው ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራውን እንደገና የጀመረ ሠራተኛ ለባልንጀራው እንዲህ ሲያስብ ማየት እጅግ አስደሰተን፤ አሳፈረንም። እርሷ በዚያች ሰዓት ያልነበረችውን አሰበች፤ እኛ ግን በፊታችን የቆመችውን ሳናያት ሄደን ነበር።

ከመኪናው ስንገባ ትንሿ ልጅ፥ «አሁን ሳሕኑን ማን እንደ ወሰደው አወቅሁ» አለች። እኛም አወቅን።